ከመጋረጃ ጀርባ የተቀዳው ንጉሥ

ንጉሡ የሚሠራው መንጃ ፈቃድ በሚታደስበት መሥሪያ ቤት፣ መስኮት ቁጥር ስድስት ላይ ነው። ዙፋኑ አንድ ጎማዋ የወለቀ ተሽከርካሪ ወንበር ናት፤ ካባው ክርኑ ላይ የሳሳ ሹራብ፤ ግዛቱም ከማኅተሙ ተነስቶ እስከ ስቴፕለሩ ይደርሳል። ቢሆንም ንጉሥ ነው። የመስኮት አምስቷ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት «ግርማዊነትዎ እንዴት አደሩ?» ትለዋለች፤ ጥበቃው በር ላይ ሲያገኘው ኮፍያውን ያነሳለታል፤ ሲያረፍድ አለቃው እንኳ «ለንጉሥም ቢሆን ሁለት ሰዓት ተኩል ያው ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ብሎ ነው የሚቆጣው። እሱም ይህን ሁሉ እንደማይወድ ሰው እጁን ያወናጭፋል። አንድ ቀን ቢቀርበት ግን ምሳ አይወርድለትም።

ማዕረጉን ያገኘው ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ «ግንቡ» ከሚባል ታሪካዊ የሙዚቃ ቴአትር ነው። ታሪኩ በጥንት ዘመን ስለነበረ አንድ ንጉሥ ነው። ይህ ንጉሥ ከተማውን ዙሪያውን በግንብ አሳጠረ፤ ግንበኞቹ በር መተው ረሱ፤ መርሳታቸውን ያየ ሁሉ ደግሞ ለንጉሡ ለመንገር ፈራ። የመጨረሻው ድንጋይ ሲቀመጥ ንጉሡ ራሱ ከውጭ ሆኖ ሥራውን እያደነቀ ነበር። ቴአትሩ አርባ ሁለት ተዋናይ፣ አሥራ አንድ ዘፈን፣ ከጣውላ የተመታ ግንብና መብራት የምትፈራ አንዲት ፈረስ ነበረችው። ዕድሜው ግን አራት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሰባት ሰው ተገኘ፤ ዘጠኙ የተዋናዮች ዘመድ፣ ሁለቱ ዝናብ ያስገባቸው፣ የቀሩት ደግሞ በር ተሳስተው የገቡና ሀፍረት ይዟቸው መውጣት ያቃታቸው ነበሩ።

አንድ ጋዜጣ ስለ ቴአትሩ ሲጽፍ ሁሉንም ነገር ረግሞ ረግሞ መጨረሻ ላይ «ከዚያ ሁሉ ጣውላ መሃል ያልተነቃነቀው የንጉሡ ድምፅ ብቻ ነው» አለ። ንጉሡ ይህችን አረፍተ ነገር ቆርጦ፣ በላስቲክ አስለብጦ፣ የመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ መስታወት ሥር አስቀምጧታል። ከላይኛው ስድብ ለይቶ ነው የቆረጣት። ቴአትሩ ከተዘጋ በሦስተኛው ቀን ዘፈኖቹ በካሴት ተቀድተው ነበር፤ ስቱዲዮው አስቀድሞ ተይዞ ስለነበር መተውም አልተቻለ። ካሴቱ ላይ «ንጉሡ» ከሚለው ቀጥሎ የሱ ስም አለ። ካሴቱን ማንም አልገዛውም፤ ያም ሆኖ መኖሩ ብቻውን ለሃያ ስድስት ዓመት ወሬ በቃ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት መስኮት ስድስት ላይ አንዲት ሴት ቆመች። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ የምትሆን፣ ጣቶቿን ጠመኔ ያልለቀቃት፣ ገና ከክፍል የወጣች መምህርት። መንጃ ፈቃድ አልያዘችም።

«ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ ነኝ» አለችው። «‹ግንቡ› ላይ ልብሱን የሰፋው።»

ንጉሡ የያዘው ማኅተም ወረቀቱን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

መምህርቷ ሰልፈኛው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣ ተማሪ ፊት እንደለመደችው ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳችው። አባቷን ጉሮሮው ላይ አሞት ነበር፤ ከስድስት ሳምንት በፊት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ ሐኪሞቹ በሽታውን ሲያወጡ ድምፁም አብሮ ወጣ። በሕይወት አለ፣ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይስቃል። መናገር ግን አይችልም፤ የሚፈልገውን በደብተር ነው የሚጽፈው። እሷ ደግሞ ቤቱን ሁሉ በርብራ የአባቷን ድምፅ ማግኘት አቃታት። ድሮም ካሜራ ሲያይ ከሰው ጀርባ የሚደበቅ፣ ስልክ ላይ ከ«እሺ» በላይ የማይናገር ሰው ነበር። የተገኘው የወንድሟ ሠርግ ላይ የተቀረፀ አራት ሰከንድ ነው፤ እሱም «አጥፋው፣ አጥፋው ባክህ» የሚል። አባቷን ስትጨቀጭቀው ሰንብታ በመጨረሻ ደብተሩ ላይ ጻፈላት።

«‹ድምፄ ንጉሡ ጋ አለ› ብሎ ጻፈ» አለችው። «ከአጃቢዎቹ ጋር ዘፍኖ ነበር እንዴ? ነግሮን አያውቅም እኮ። ካሴቱ እርስዎ ጋ ይኖራል ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ሰው እውነቱን መናገር ይችል ነበር። ነገር ግን ከመምህርቷ ጀርባ አሥራ አራት ሰው ተሰልፏል፤ የመስኮት አምስቷ ሴትዮ ጆሮዋን አቁማለች፤ መስታወቱ ሥር ያለችው የጋዜጣ ቁራጭም ሽቅብ ታየዋለች። ንጉሡ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት እንድትመጣ ነገራት። ስትሄድ «ቀጣይ» ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ሰልፈኛው ንጉሡን ጉንፋን ይዞት መሰለው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም።

ንጉሡ ለንጉሥነት የተመረጠው በአረማመዱ ነው። የቴአትሩ አዘጋጅ መንገድ ሲሻገር አይቶት «ለዚህ ሰውዬ ዘውድ ብቻ ነው የጎደለው» አለ። ቁመቱ፣ ፂሙ፣ አንገቱን ሲያዞር ትከሻውን አብሮ የሚያዞርበት ሁኔታ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ዘፈን ሲሉት ግን ፒያኖ መቺው ሁለተኛው ስንኝ ላይ እጁን አንስቶ ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ፒያኖው እንዳይሰማ የፈለገ ይመስላል። አዘጋጁ ፀጉሩን ይዞ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊው በዚያ ሰዓት ተንበርክኮ የንጉሡን ወገብ እየለካ ነበር። መርፌዎቹን በከንፈሩ ጥግ እንደያዘ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ያንኑ ስንኝ ለራሱ አንጎራጎረው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ወለሉ አየ።

እሱን ራሱን መድረክ ላይ ማቆም አልተቻለም። አጭርና ድቡልቡል መሆኑን ልብስ ይሸፍነው ነበር፤ ፍርሃቱን ግን የሚሸፍን ጨርቅ ጠፋ። አንድ ጊዜ ብርሃኑ ሥር አቁመውት ሁለት ቀን ከቤቱ አልወጣም። ስለዚህ መላ ተመታ። ንጉሡ ከመጋረጃው ፊት ይቆማል፤ ልብስ ሰፊው ከመጋረጃው ጀርባ፣ በንጉሡ ትከሻ ትክክል በተቀደደች ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። የንጉሡ ቀኝ ትከሻ ከፍ ሲል ልብስ ሰፊው አየር ይስባል፤ ትከሻው ሲወርድ ይዘፍናል። አንዱ አፉን ይከፍታል፣ ሌላው ይሞላዋል። ይህንንም ለማንም ላይናገሩ ሁለቱም ለአዘጋጁ ቃል ገቡ። ሌሎቹ ተዋናዮች አላወቁም ማለት አይደለም። ነገር ግን ቴአትሩ ከወደቀ በኋላ አርባ አንዱም «እኔ እዚያ ውስጥ አልነበርኩም» ለማለት ሲሽቀዳደሙ፣ የሌላውን ገመና ለማውጣት ጊዜ ያገኘ አልነበረም። አዘጋጁም ሞተ። «ነበርኩ» ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያልዘፈነው።

ከሁሉ የባሰው ስቱዲዮው ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች የለም፤ ንጉሡ ቤቱ ተኝቶ ቢውል ካሴቱ ይቀዳ ነበር። ልብስ ሰፊው ግን ያችን ትከሻ ሳያይ መጀመር አቃተው፤ ሦስቴ ሞክሮ ሦስቴም በላብ ተጠመቀ። እናም ተመልካች በሌለበት ክፍል ውስጥ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ቀዳዳ ተቀደደለት፣ ንጉሡም ካባውንና ዘውዱን አድርጎ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ የንጉሡን ድርሻ ሁሉ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ዋለ። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ባሻገር «ይሄ ሰውዬ ምን እያደረገ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የመለሰለት የለም። በዚያ ካሴት ላይ በእርግጥ የንጉሡ የሆነ ድምፅ አንድ ሳል ነው፤ ሰባተኛው ዘፈን ላይ።

ቅዳሜ መምህርቷ በሰዓቷ መጣች። የንጉሡ ሚስት ሻይና ብስኩት አቀረበች። እሷ ጡረታ የወጣች የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ከወሬ ይልቅ ዝምታን የተማረች። ንጉሡ ቴፑን ቡፌው ላይ አስቀምጦ፣ የቴፑን ማንበቢያ በአልኮል ጠርጎ፣ ካሴቱን ከተተ። ጠዋቱን ሙሉ ቴፑ ተበላሽቷል ሊላት አስቦ ነበር። ቴፑ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ ሠራ፤ አንዳንድ ዕቃ ሰው ይጠላል።

የመጀመሪያው ዘፈን ተጀመረ። ፒያኖው ቀደመ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

«ግንቡንስ ሠራሁት፣ ሰማይ አስጠግቼ፤
በሩን ማን ይንገረኝ፣ እኔው ደጅ ቀርቼ።»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ቴፑ አስጠጋች። ወንዝ እፊቷ እየፈሰሰ ጠብታ እንደምትፈልግ ሰው ከአጃቢዎቹ መካከል አንድ ድምፅ ትፈልጋለች። የአባቷ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶ፣ የቡፌውን ብርጭቆ እያንቀጠቀጠ፣ በጆሮዋ በኩል አልፎ ይሄዳል። አላወቀችውም። በየት ታውቀው? በሕይወቷ ሙሉ የሰማችው መርፌ በከንፈሩ ይዞ «ቀጥ በይ፣ አትንቀሳቀሺ» ሲላት ነው፤ ልጆቹ ፊት ዘፍኖ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ ከአንድ ነገር ጀርባ የሚመጣ ይመስላል» አለች።

«ንጉሡ ከግንቡ ውጭ ስለሆነ ነው» አላት። ውሸቱ ሳይታሰብ፣ ተሰፍቶና ተተኩሶ ነው የወጣው።

«እንዴት ያምራል በማርያም» አለች። «አባባ ይሄን እየሰማ ነዋ ልብሱን የሰፋው። ታድሎ።»

ንጉሡ ሻዩን አንስቶ ሳይቀምሰው መልሶ አስቀመጠው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እሱ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ደምቆበታል። አሁን የወርቁ ባለቤት የላከው ሰው መጥቶ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ወርቅ እያደነቀ፣ «የኛ ቀለበት ጠፍቶብን ነበር፣ አላዩትም?» የሚለው መሰለው።

ሦስተኛው ዘፈን የግንበኞቹ ነው፤ ሃያ ሰው በአንድነት ያዜማል። መምህርቷ ተነስታ ቆመች። «እዚህ ውስጥ ነው አይደል? የቱ ነው? ይንገሩኝ ጋሼ» አለችው። ሚስቱ ከበር ላይ ሆና አየችው። ንጉሡ አፉን ከፈተ። እውነቱን ሊናገር ነው የከፈተው፣ ለዚህ መሐላ አለው። ነገር ግን ልክ በዚያች ሰከንድ ከግንበኞቹ መሃል አንድ የአፍንጫ ድምፅ፣ ሁሉም ሲጨርስ ያልጨረሰ፣ ለብቻው ጎልቶ ወጣ። የትኬት ቆራጩ ነው። ሁለት አጃቢ ጥሎ ስለጠፋ በመጨረሻው ሰዓት ካባ አልብሰው ያስገቡት።

የንጉሡ ጣት ከፍ አለ። «እሱ» አለ።

መምህርቷ አስደገመችው። እንደገና አስደገመችው። ስድስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ስድስት ጊዜ የትኬት ቆራጩ አፍንጫ ቤቱ ውስጥ አላዘነ። ስትስቅ ነበር፤ መሃል ላይ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ ሁለቱም በአንድ ፊት ላይ ሆኑ። «በአፍንጫው ነው እንዴ የሚዘፍነው አባባ?» አለች።

«ያን ቀን ጉንፋን ይዞት ነበር» አላት ንጉሡ። ውሸት አንዴ ከወለደች መንታ ነው።

ድምፁን በስልኳ ቀዳች። ነገ ወንድሞቿም፣ አክስቷም፣ የልጅ ልጆቹም አባቷ ቤት እንደሚሰበሰቡና ለሁሉም እንደምታሰማቸው ነገረችው፤ እሱም ቢመጣ ደስታቸው እንደሆነ። በር ላይ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ውለታዎን አልረሳም» አለችው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ስትሄድ ሚስቱ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ወሰደች፤ ጀርባዋን እንደሰጠችው ነበር የተናገረችው።

«ያቺ ልጅ ያለቀሰችው ለማን ነው?»

ንጉሡ ካሴቱን ማውጣት ላይ አተኮረ።

«ሃያ ሦስት ዓመት አብሬህ ኖርኩ» አለች። «ገላህን ስትታጠብ አንድ ቀን ስታንጎራጉር ሰምቼህ አላውቅም። እንዲህ ያለ ጉሮሮ ያለው ሰው ዝም ብሎ ይታጠባል? አፍሬልህ ነው የተውኩት። ነውሩ ያንተና የኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ውኃውን ከፈተችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እሑድ ንጉሡ ካሴቱን ኮቱ ኪስ ከትቶ በጠዋት ወጣ። ሐሳቡ ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ መምህርቷን ለብቻዋ አግኝቶ፣ ቀስ ብሎ ሊነግራት ነው። መንገድ ላይ ግን ፂሙን ለመስተካከል ገባ። ወጥቶ ደግሞ ባዶ እጅ መሄድ አይገባም ብሎ ብርቱካን ሊገዛ ቆመ፤ አንድ በአንድ እያገላበጠ መረጠ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ሲመጣ ሞልቷል አለ። ሁለተኛው ሲመጣ ቶሎ ይሞላል አለ። የልብስ ሰፊውን በር ሲያንኳኳ ውስጥ ሳቅ ይሰማ ነበር።

ደርሶ ነበር። ማለት ዘመዱ ተሰብስቦ፣ የተቀዳው ድምፅ ተሰምቶ፣ ነገሩ ያለሱ ደርሶ ነበር። ሁለት ወንድሞች፣ አንዲት አክስት፣ ሦስት ሕፃናት ሳሎኑን ሞልተውታል፤ የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ ሻርፕ ጠምጥሞ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ከሳ እንጂ ዓይኑ ያው ነው። ጉልበቱ ላይ ደብተር አለ። የተከፈተው ገጽ ላይ በትልቁ «አዎ፣ እኔ ነኝ» ተጽፏል።

ንጉሡ አነበበው። ልብስ ሰፊው ሲያነብ አየው። ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ።

የተሻለው ወንበር ለንጉሡ ተለቀቀ። አክስትየዋ ቴአትሩን በሦስተኛው ቀን እንዳየችው፣ ያኔ ቁመናው እንዴት እንደነበር፣ አሁን ግን ሆዱ እንደ ቀደመው ለሁሉም አስረዳች። ከሕፃናቱ ትልቁ ስልኩን ይዞ ያንን ድምፅ ይጫናል፤ ሲያልቅ ደግሞ ይጫናል። ንጉሡ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ቀረ።

«አንድ የምናገረው ነገር አለኝ» አለ። ከዚያም ተናገረው፤ መጋረጃውን፣ ቀዳዳውን፣ ትከሻውን፣ ስቱዲዮውን። ካሴቱ ላይ ንጉሥ ሆኖ የሚዘፍነው እሱ ሳይሆን ልብስ ሰፊው እንደሆነ፣ እሱ አፉን ብቻ ይከፍት እንደነበር። ሲጨርስ የሚመጣበትን ለመቀበል ተዘጋጀ።

«አያችሁ?» አለች አክስትየዋ እንባዋን እየጠረገች። «ትልቅ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ለታመመ ጓደኛው ክብሩን ሲሰጠው።»

የመምህርቷ ታላቅ ወንድም ተነስቶ ንጉሡን አቀፈው፤ እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን የለም አለ። ታናሹ ቁጭ በሉ፣ ድካም ነው አለው። መምህርቷ ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። «ለአባባ ብለው ነው፤ ይገባኛል ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ግን እኮ ድምፁን አግኝቼዋለሁ። አልቅሼበታለሁ።»

ንጉሡ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረ። ልብስ ሰፊው በደብተሩ ጥግ በትንንሽ ፊደል አንድ ቃል ጽፎ ለሱ ብቻ አሳየው። «ተወው» ይላል።

መተውም ይቻል ነበር። ሰው እውነቱን ተናግሮ ካላመኑት ከዚያ በላይ ምን ይጠበቅበታል? የንጉሡ ሕሊና እንኳ ሥራውን የጨረሰ መስሎት ኮቱን ማንሳት ጀምሮ ነበር። ለሃያ ስድስት ዓመት ከተሸከመው ስም ላይ ዛሬ ደግሞ ትሕትና ተጨመረለት፤ ሊናዘዝ መጥቶ ተሹሞ ሊሄድ ነው። አፍሮ አፍሮ የማፈሪያ ቦታ አልቆበት ነበር፣ እነዚህ ሰዎች ግን አዲስ ክፍል ሠሩለት።

ስልኩን የያዘው ልጅ ያንን ድምፅ እንደገና ተጫነ፤ ከዚያ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ ተቀበለው፦ እንንንን። «አያቴ እንዲህ ነበር የሚዘፍነው» አለ። ሁለቱ ታናናሾቹም አፍንጫቸውን ያዙ። አክስትየዋ ሳቀች፤ ሁሉም ሳቁ፤ በፍቅር ነው የሳቁት። ልብስ ሰፊውም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ተከፈተ፣ ፊቱ ግን አልመጣለትም። እጁን ሻርፑ ላይ አድርጎ ወለሉን አየ።

ንጉሡ ጉሮሮውን ጠረገ። ትከሻውንም አላነሳ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ጀመረ።

«ግንቡንስ ሠራሁት…»

መጀመሪያ የሰሙት ቁምሳጥን ሲጎተት ነው የመሰላቸው። «ሰማይ አስጠግቼ» ላይ ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ እሱ ወደ ጎን ሄደ። አንዱ ሕፃን አፍንጫውን ለቀቀ። «በሩን ማን ይንገረኝ» ላይ ድምፁ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ስባሪዎቹን እየለቀመ ቀጠለ። ይህን ድምፅ ከፒያኖ መቺው ወዲህ ሰው ሰምቶት አያውቅም። ሁለተኛውን ቤት እዘላለሁ ብሎ ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ አሁንም የትሕትና ጨዋታ ነው ብሎ ፈገግ እንዳለ ሲያይ ግን እሱንም ዘፈነው። ሦስተኛውንም ደገመው። በጨዋታ እንዲህ መዝፈን እንደማይቻል፣ ይህ በተፈጥሮ ብቻ እንደሚገኝ፣ በሦስተኛው ቤት ላይ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። አክስትየዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። ከግድግዳው ባሻገር አንድ ጎረቤት መስኮት ዘጋ።

ሲጨርስ ልብስ ሰፊው ብቻ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ያለ ምንም ድምፅ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ከልቡ ይስቃል። ስቆ ሲያበቃ ዓይኑን ጠረገ፤ ብዕሩን አንስቶ «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘው። ከሥሩ «ቃል ገብቼ ነበር» ብሎ ጽፎ ደብተሩን ለልጁ ሰጣት።

መምህርቷ አነበበችው። ገጹን ብዙ ጊዜ ነው ያየችው፤ ተማሪ የሠራውን ስሌት መልሶ መላልሶ እንደሚያይ አስተማሪ፣ ስህተቱ የቱ ላይ እንደገባ የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ስልኩን ከልጁ እጅ ወሰደች።

«ታዲያ ያለቀስኩበት ማነው?» አለችው።

«ትኬት ቆራጩ» አለ ንጉሡ።

«ጉንፋኑስ?»

መልስ ሳትጠብቅ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር ነካች፤ የቀዳችውን ድምፅ ማጥፋቷ ነው። ፊቷን ያየ ወንድሟ ሊነሳ ሲል በዓይኗ አስቀመጠችው።

«ትናንት ስድስት ጊዜ አስደግሜዎታለሁ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ስድስት ጊዜ አጠገቤ ተቀምጠው አይተውኛል።»

ንጉሡ ይቅርታ ሊል ፈለገ። ቃሉ ግን አሁን ከሰሙት ጉሮሮ ሲወጣ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቦ ዋጠው። ካሴቱን ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። ጣቱን ሳትነካ ተቀበለችው። ሳጥኑን ከፍታ ካሴቱን አወጣች፣ ዘውድ የደፋ ወጣት ፎቶ ያለበትን ባዶ ሳጥን ግን መለሰችለት።

«ይሄ የእርስዎ ነው» አለችው።

ታናሽ ወንድሟ የአባቱን አሮጌ ቴፕ ከስፌት መኪናው ሥር ጎትቶ አወጣ። ገመዱ አጭር ሆኖ ወንበር አንቀሳቀሱ፤ ሕፃናቱን ከሶኬቱ አራቁ። ንጉሡን ተቀመጥ ያለው የለም፣ ሂድ ያለውም የለም። ብርቱካኑ በላስቲኩ እንዳለ ከእግሩ አጠገብ ነው። ከመሃል ወጥቶ በበሩ ግድም ቆመ።

ፒያኖው ቀደመ፣ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ። መምህርቷ አባቷ እግር ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደሱ ሽቅብ አድርጋ ትሰማ ነበር። ወንድሞቿም፣ አክስትየዋም፣ አፍንጫቸውን የረሱት ሕፃናትም ወደ መስኮቱ፣ ሻርፕ ወደጠመጠመው አጭር ሰው ነው የሚያዩት። እሱ ደግሞ ይህን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ ሲያርፍበት ጊዜው የመጀመሪያ ስለሆነ፣ የሚገባበት መጋረጃ አጥቶ፣ የሻርፑን ጫፍ ይቋጥርና ይፈታ ነበር።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያ ድምፅ ሲሰማ ማንም ወደ ንጉሡ አላየም። እሱም ባዶውን ሳጥን ይዞ፣ የራሱ ሳል ያለበት ሰባተኛው ዘፈን ሳይደርስ ለመውጣት፣ የበሩን እጀታ በጀርባው መፈለግ ጀመረ።